ለፍሬሕይወት ወተት እንዳይሰጣት

ቀን፦ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመስኖ ማዶ ክፍለ ከተማ የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክብርት ወ/ሮ ኦብሴ ወዬሳ
አዳማ

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ ወደ ሕጻናት ማቆያ የተወሰደችው የልጅ ልጄ ፍሬሕይወት ወደ ቤቷ እንድትመለስልኝ፣ እስከዚያም ድረስ ወተት፣ እንቁላልና የስንዴ ዳቦ እንዳይሰጣት ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች ታጠቅ ፈይሳ ወንጂ ሸንኮራ ውሃ ሳጠጣ አርጅቼ አሁን በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና የእጅ ጽሕፈቴን ይታገሡኝ። ከበራችሁ ፊት ለፊት ዣንጥላ ሥር ለሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነገሩን ነግሬው ነበር። እሱ «በእንባ እየታጠብኩ አመለክታለሁ» ብሎ ጀመረ። አላለቀስኩም አልኩት። «አባቴ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ካላለቀሱ ማን ያነብልዎታል» አለኝ። ያልሆነ ነገር በስሜ አይጻፍም ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬው ሄድኩ። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ።

1. ፍሬሕይወት ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ልጄ ኢዩ ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። ያሳደገቻት ባለቤቴ አበበች ነበረች። አበበች ካረፈች ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ።

2. ልጅቷ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ምግብ አይወርድላትም። ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትቆያለች፣ ታኝካለች፣ ደረቷን በእጇ ትመታለች፣ ከዚያ ታስመልሳለች። ጎረቤቶች እንጥሏ ወርዷል፣ ይቆረጥ አሉኝ፤ ቆራጩም ደራ ከተማ ይገኛል አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሰፈር ውስጥ እምቢተኛ የተባልኩት ያኔ ነው። ሐኪም ቤት ስንመላለስ ከርመን ጥር ላይ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። እዚያ አስተኝተው በአፏ ቀጭን ቱቦ አስገብተው አዩ። ዶክተር ዛኪር የሚባሉ ሐኪም አስቀመጡኝና የምግብ መውረጃ ቧንቧዋ ተቆጥቷል፣ ውስጡ አብጦ ጠቧል አሉኝ። ልጆች ላይ የሚመጣ ሕመም ነው አሉ። ሰውነቷ አንዳንዱን ምግብ እንደ ጠላት ያየዋል፤ ወተትና ቅቤ፣ እንቁላልና ስንዴ በአፏ እንዳይዞር፣ ሥጋ ትብላ፣ ግን በደቃቁ ይከተፍላት አሉ። ጠዋትና ማታ ከማር ጋር ተበጥብጦ የሚዋጥ መድኃኒትም አዘዙላት። ያን ከዋጠች በኋላ ግማሽ ሰዓት ውሃ እንኳ አይሰጣትም፤ መድኃኒቱ ቧንቧው ላይ እንዲቆይ ነው።

3. እንዳሉኝ አደረግሁ። ሥጋውን እኔው እከትፋለሁ፣ በዘይት እሠራለሁ። እኔም ጥርስ ስለሌለኝ ከአንድ ድስት እንበላለን። ማስመለሱ ቀረ። ገና አልወፈረችም፤ ዶክተሩም ቀስ ብሎ ነው፣ አይቸኩሉ ብለዋል።

4. የተከሰስኩበት ነገር ይህ ነው። ግቢዬ ውስጥ የምትታለብ ላም አለች፤ የአበበች ነበረች። ወተቱን ሰፈሩ ይገዛኛል፤ የከሰሰችኝ ጎረቤቴ ወ/ሮ አማረችም ትገዛኛለች። ሁዳዴ ላይ ሳለን ማንም ምንም አላለም፤ የሁሉም ቤት ድስት ያለ ቅቤ ነውና። በሁዳዴ ሥጋ ስከትፍ ሰው እንዳያይ ግን በሬን እዘጋ ነበር። የነፍስ አባቴ ለታመመ ልጅ ኃጢአት የለውም ብለውኛል፤ ሰፈሩ ግን የነፍስ አባቴ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለምዶብኝ በር ዘግቼ እከትፋለሁ።

ፋሲካ ዋለ። ወ/ሮ አማረች ለልጅቷ ድፎ ዳቦና የዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ይዛ መጣች፤ ከበር መለስኳት። በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወራት፣ ልጅቷ በረንዳ ላይ ሹሮ በዘይት ስትበላ ታየች። መድኃኒቷን ውጣ ውሃ ስትለምነኝም ተሰማች። ያን ጊዜ ሰፈሩ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ተስሏል፣ ስለቱን በሕጻኗ ላይ ይጾማል አለ። ወ/ሮ አማረች ውሃ ወረፋ ላይ «ላሟን አልቦ ለእኛ ይሸጣል፤ ሕጻኗን አመንኩሷታል» ብላ ተናገረች። ሰው ሳቀ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደማይጾም አውቃለሁ። ሥጋ የሚያበላ ሰው ያስጾማል ወይ?

ለምን አልነገርካቸውም ይሉኝ ይሆናል። የልጄን ሕመም ወረፋ ላይ አላወራም። ነገ ታድጋለች፣ ትዳር ትይዛለች፤ ያቺ ጉሮሮዋ የታመመው እየተባለች እንድትኖር አልፈልግም።

5. በግንቦት ወር ከጽሕፈት ቤትዎ ወ/ሪት ልዩ የምትባል ሠራተኛ መጣች። እንግዳ ናትና ወንበር አወጣሁ፣ ቁጭ በይ ልጄ አልኳት። ሥራ ላይ ነኝ ብላ አልቀመጥም አለች። ቆማ «ሕጻኗ ዛሬ ወተት ጠጥታለች?» አለችኝ። አልጠጣችም አልኩ። «ትናንትስ?» አልጠጣችም አልኩ። «ከልክለዋታል?» አዎ አልኩ። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ብትቀመጥ እነግራት ነበር። በቤቴ ላልተቀመጠ ሰው የቤቴን ጉዳይ አልዘረዝርም፤ አባቴም እንዲሁ ነበር። በማግስቱ ከፖሊስ ጋር መጥተው ወሰዷት። አልታገልኩም። ጫማዋን አሰርኩላት።

መድኃኒቷ አብሯት አልሄደም። ወደ ማቆያው ይዤው ብሄድ ዘበኛው «ኦቦ፣ ያልታወቀ መድኃኒት አይገባም» ብሎ መለሰኝ። እውነቱን ነው፤ ትእዛዝ አለበት።

6. ባለፈው እሑድ እንድጠይቃት ተፈቀደልኝ። ዳቦ ጉንጯ ውስጥ ይዛ መጣች። በማቆያው ልጆቹን የምትንከባከበው ፋዲላ ደግ ሴት ናት፣ አልወቅሳትም። ልጅቷን የሚያስመልሳት ስላልለመደች ነው፣ ወተቷን ግን አንድም ቀን አስተርፋ አታውቅም አለችኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። ብቻችንን ስንሆን ፍሬሕይወትን፣ እንደሚያምሽ እያወቅሽ ለምን ትጠጪያለሽ አልኳት።

«ስትወፍሪ ወደ ቤት ትሄጃለሽ ብለውኛል፤ ስለዚህ ሁሉንም እጠጣለሁ» አለችኝ። ቀጥላም «አባባ፣ ወፈርኩ?» አለችኝ።

ወፍረሻል አልኳት። ከስታለች።

ከዚያ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ቤት ገብቼ ላሟን አለብኩ።

ስለዚህ ክብርት ኃላፊ፣ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ/ የዶክተር ዛኪርን ስልክ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ይደወልላቸውና እኔ የተናገርኩት እውነት መሆኑ ከእርሳቸው ይጣራ።

ለ/ ልጅቷ ወደ ቤቷ ትመለስ። ወ/ሪት ልዩ ወይም ሌላ ሰው በፈለገው ቀን ሳይነግረኝ ይምጣ፣ ድስቴን ከፍቶ ይይ፣ ልጅቷን ለብቻዋ ይጠይቅ። ባይቀመጡም እመልሳለሁ።

ሐ/ ይህ አይሆንም፣ ብቻውን ያለ ሽማግሌ ልጅ አያሳድግም ከተባለ ለሚያሳድግ ሰው ትሰጥ፤ አልከራከርም። ወተቱ ግን ዛሬ ይቁም። ለሚረከባትም ሰው ሥጋው እንዴት እንደሚከተፍ አሳያለሁ። መድኃኒቱን ይዤ በራችሁ ላይ አለሁ። ደግሞም ወተት በመጠጣቷ ወደ ቤት እንደማትመጣ አንድ ሰው ይንገራት። እኔ እሑድ ዕለት ልነግራት ፈልጌ አልቻልኩም።

መልስዎን ቆሜ እየጠበቅሁ፣
ከሰላምታ ጋር

ታጠቅ ፈይሳ
(ፊርማ)