ፈተናሽን እስክትጨርሺ

ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ
ጥቅምት ፳ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንቺና በሆድሽ ያለው እንግዳ እንዴት ናችሁ? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ? ዮናስስ ደህና ነው? የሚኒሶታ ብርድ ከአሁኑ ጀምሯል ሲሉ ሰምቼ የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ አሰብኩ። ያምራል አያምርም ሳትይ አድርጊው፤ እግርሽን የሚያይ ባልሽ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አንዴ ገብቶበታል። እኔን ብትጠይቂኝ እበላለሁ፣ እንቀሳቀሳለሁ፣ ሰዎችም ከአጠገቤ አልጠፉም፤ ለዚህ ለዚህ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፋት ትይ ይሆናል። ድምፄ ተዘግቷል። ዮናስ የነገረሽ እውነቱን ነው፤ ትንሽ ላወራ ስል ይቆራረጥብኛል። ደግሞ አንቺ ስልክ ላይ ስትሆኚ መርማሪ ፖሊስ ነሽ፤ ገና ሃሎ ስልሽ ምሳዬን መብላት አለመብላቴን ታውቂያለሽ። ወረቀት ይሻለኛል፣ ወረቀት አያቋርጠኝም።

ከሥራ መውጣቴን ሰምተሻል። አንቺና እኔ ጎን ለጎን ቆመን የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ላይ ስንደረድርበት የኖርነው ኩሽና ተሳፋሪ ቀነሰ ብሎ ግማሻችንን አሰናበተ። እኔም የመንግሥቱን የሥራ አጥ ገንዘብ መጠየቅ ልመና መስሎኝ ዝም ብዬ ቤት ተቀመጥኩ። ጎረቤቴን አቶ ሞላልኝን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ታክሲ የሚነዱትን፣ ለሠርግሽ ዕለት መኪናቸውን ሲያጥቡ ያደሩትን። ሲሰሙ ተቆጡኝ። ልመና ብሎ ነገር የለም፣ አንቺ ስትሠሪ ቀጣሪሽ ሲከፍልበት የኖረ ነገር ነው፣ በይ ተነሽ ብለው ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡኝ።

ከመሥሪያ ቤቱ ጋር መጀመሪያ የተጣላነው በስም ነው። ኩሽናው መታወቂያዬ ላይ የጻፈው የአያታችንን ስም ነው። እኔ ደግሞ ቅጹ ላይ የአባታችንን ስም ሞላሁ፤ የአባቴ ስም እሱ ነዋ! ለመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰው ሆንኩ። አንዷ ሠርታ አታውቅም፣ ሌላዋ ገንዘብ ጠይቃ አታውቅም። አቶ ሞላልኝ ሥራቸውን ትተው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ሆልድ አድርገውናል እያሉ ያንን አንድ ዓይነት ሙዚቃ አብረን ስንሰማ ዋልን። በመጨረሻ ፓስፖርቴንና የደሞዝ ወረቀቴን ፋክስ አድርገን አባታችንና አያታችን ታረቁ። እማዬ ብትሰማ እንዴት በሳቀች ብዬ አሰብኩ። ያ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ሳቅ፣ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻዋ ብቻ የሚንቀጠቀጠው።

ገንዘቡን ለማግኘት ደግሞ ሥራ ፈልጌያለሁ ብሎ የሄዱበትን ሁሉ መዝግቦ መያዝ አለ። እኔም ሆቴሉንም የልብስ ማጠቢያውንም ሳዳርስ አንድ ቀን እስከ ድሮ ሰፈራችን እስከ ዩለስ ደረስኩ። ከመጣሁ አይቀር ብዬ በድሮ አፓርታማችን በኩል ዞርኩ። ደረጃው ያው ነው። አውሮፕላኖቹም ያው ሆዳቸውን እያሳዩ ጣራው ላይ ይወርዳሉ። ከሥራ ስንመለስ እግራችንን ባልዲ ውስጥ ነክረን እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ አንቺ እየበረረ የሚመጣውን ሁሉ ይሄ የኔን ኬክ ነው የጫነው፣ ይሄ ደግሞ ያንቺን የተቃጠለ ሩዝ ነው የጫነው እያልሽ ስታበሽቂኝ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ድሆች ነን ብለን እናማርር ነበር። ለካ ሁሉ ነገር ነበረን። ሁለታችን ነበርን፣ እሑድ እሑድ ስንደውል የምታነሳ እናት ነበረችን። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወጥቼ የአፓርታማውን ቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ትፈልጋላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁና እሱንም መዘገብኩት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣዬ ልምጣ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ስልክ ደውዬ ማሽን ይጠይቀኛል። ውሸት መናገር በሕግ ያስቀጣል ብሎ ይጀምርና፣ አዎን ከሆነ አንድን ተጫኚ፣ አይደለም ከሆነ ሁለትን ተጫኚ ይላል። ሥራ ፈልገሻል? አንድ። የሰጡሽን ሥራ እምቢ ብለሻል? ሁለት። ሥራ ብትጠሪ በየቀኑ ለመሄድ ዝግጁ ነበርሽ? ሁሌ አንድ ነበር የምጫነው። ባለፈው ጊዜ ግን እጄ እዚያ ላይ ቆመ።

በዚያ ሳምንት እዚህ ለቅሶ ነበረ። ሀገር ቤት ያረፈች አንዲት እናት ናት፤ ልጇ እዚሁ ሌክ ሃይላንድስ ብቻዋን ትኖራለች፣ እንደ እኔው ሥራ የላትም። እነ ወይዘሮ እማዋይሽ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ፣ ቀድመው ሰምተው ኖሮ ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯን አንኳኩ። እሷ ቧንቧ ሊሠሩ የመጡ መስሏት በሌሊት ልብሷ ከፈተች። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው። ወይዘሮ እማዋይሽ እጇን ያዙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም። እንጀራውን ማን እንዳመጣ፣ ወንበሩን ከየት እንደተሸከሙት አላውቅም፤ ሰው ግን ሞላ። እኔም ከዚያች ልጅ ለአፍታ አልተለየሁም። ብተዋት ማን አላት? ማን ናት ብለሽ አሁን አትጠይቂኝ፤ ስመጣ ስለ እሷ ብዙ እነግርሻለሁ።

እንግዲህ ማሽኑ በየቀኑ ዝግጁ ነበርሽ ወይ ሲለኝ፣ በእነዚያ ቀናት የኩሽናው አለቃ ራሱ መጥቶ በሬ ላይ ቢንበረከክ አልሄድለትም ነበር። ሁለትን ተጫንኩ። ወዲያው ገንዘቡ ቀጥ አለ። ገንዘቡ የሚገባበት ካርድ ባዶ ሆነ፣ በስልክ ቃልሽን ትሰጫለሽ የሚል ደብዳቤ መጣ።

ሐዊን አታውቂያትም፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተቀጠረች፣ አብራኝ የተባረረች ልጅ ናት። ስነግራት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ኦ ማይ ጋድ፣ ማለቴ፣ ማሽን እኮ ነው፣ ዬስ ብለሽ ፕሬስ ታደርጊያለሽ፣ ማንም ቼክ አያደርግም፣ ሶ ለማሽን ለቅሶ ነበርኩ ይባላል? አለችኝ። አቶ ሞላልኝ እንኳ፣ በዚህ ሀገር ይህን ያህል ዘመን ስኖር ለቅሶ ተቀምጬ ነበር ብሎ ለመንግሥት ያመለከተ ሰው አላየሁም አሉ። ሁሉም እኔ ላይ ሳቁ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ቤቴ ውስጥ ሳቅ ስለተሰማ ደስ አለኝ። ቢሆንም ያንን ጥያቄ መዋሸት አልቻልኩም። እነዚያን ቀናት እንደማንኛውም ቀን ነበሩ ማለት እንዴት ይሆንልኛል?

የፈራሁት ለቤት ኪራዩ እንዳይመስልሽ፤ ለእሱ አቶ ሞላልኝ አሉ። ያንን ገንዘብ ያሰብኩት ላንቺ አራስ ቤት ነው። ቲኬቴን ልቆርጥበት ነበር። ስትወልጂ አጠገብሽ ካልሆንኩ፣ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቤትሽ ከገባ፣ ዕድሜ ልኬን የምጸጸት ይመስለኛል። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ቀጠሮው ደረሰና አንድ ሰውዬ ደወለ፣ አማርኛ የምታስተረጉም ሴትም መስመሩ ላይ ገባች። ከየት ከተማ እንደሆነች አላውቅም፣ ድምፅዋ ግን የቤት ድምፅ ነው። ሰውየው ለምን ዝግጁ አልነበርሽም አለ፤ ሦስት ቀን ለቅሶ ላይ ነበርኩ አልኩ። ጎረቤት ሲሞት በሀገራችሁ ሦስት ቀን ሥራ ይቆማል ወይ አለ። ለጎረቤትም እንቀመጣለን አልኩት። የሞተችውስ ምንሽ ናት አለ። እውነቱን ነገርኩት። ሴትየዋ ማስተርጎሟን ተወች። ሰውየው ሃሎ ሃሎ ሲል፣ እሷ መጀመሪያ ለኔ በአማርኛ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለውን አለችኝ፣ ሥራዋ ባይፈቅድላትም። ከዚያ ነው በእንግሊዝኛ የነገረችው። እሱም አዝናለሁ አለና ሌላ አልጠየቀኝም። የእነዚያን ቀናት ቆርጠው ሌላውን ለቀቁልኝ። በማግስቱ ቲኬቴን ገዛሁ። አንቺ ዘንድ በምሆንበት ጊዜም ያ ማሽን ዝግጁ ነሽ ወይ ሲለኝ ሁለትን እጫናለሁ፣ ይቁረጠው።

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ እማዬ ከፋብሪካው የተቀነሰች ጊዜ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አንቺ ማትሪክ ልትፈተኚ መብራት ስር ተደፍተሽ የምታጠኚበት ወራት ነበር። ሳይረኑ ሲጮህ ሰማያዊ ጋዋኗን ለብሳ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ ፀጉሯ ላይ ያ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ነው። አንቺም እየሳቅሽ ታራግፊላት ነበር። አንድ ቀን ጨው ተልኬ ጎረቤታችን እትዬ የትምወርቅ ቤት ስገባ እማዬ ጓዳ ተቀምጣ ለሰው በገንዘብ ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት። ለካ ከተባረረች ቆይታለች። ወደ ቤት ልትመጣ ስትል ከፊቷ ካለው ጥጥ ቆንጥራ ፀጉሯ ላይ ስትነሰንስ ቆሜ አየሁ። ለእህትሽ ትንፍሽ ብትዪ አለችኝ። አላልኩም።

ፈተናሽን የጨረስሽ ዕለት ነው የነገረችሽ። እንዴት እንደተናደድሽ አስታውሺ። እራት አልበላም አልሽ፣ እኔንም አብራት ስትዋሸኝ ከረመች ብለሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ። እማዬ ግን አልተቆጣችም። ልጄ፣ ወሬው የትም አይሄድም፣ ፈተናሽ ግን ይሄዳል አለችሽ። ያኔ ነው ተነስተሽ ጉልበቷ ላይ የተደፋሽው፤ ፀጉሯን እንደ ልማድሽ ስታራግፊ ምንም አልነበረበትም። እኔ ያንን ዕለት ለማየት በመታደሌ ዛሬም ደስ ይለኛል።

እማዬን በስልክ አላገኘኋትም ብለሽ ዮናስን እንዳስጨነቅሽው ነግሮኛል። አጎታችን ጋሽ ኃይሉ ጠበል ሄዳለች አሉሽ አይደል? እኔም አላገኘኋትም። ያለችበት ስልክ የለም። ያ ሌሊት ሌሊት የሚያስጮሃት ጉልበቷ ግን አሁን አያማትም፤ ምንም አያማትም፤ ይህን በሙሉ ልቤ እነግርሻለሁ። እስክመጣ ድረስ ወደ ቤት አትደውይ። ስልክሽን ዮናስ ያንሳው፣ ሊጠይቅሽ የሚመጣ ሰውም ካለ በሩ ላይ እሱ ያናግረው። ምነው ብለሽ አትከራከሪኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ታላቅ ልሁንብሽ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ውሸት አልጻፍኩልሽም። ኋላ ልትቆጪኝ ስትነሺ ይህን አስታውሺልኝ፣ የእማዬንም ፀጉር አስታውሺ።

ማርያም ትቅረብሽ። ምጥሽን ቀላል፣ እጅሽን ሙሉ ታድርግልሽ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ከሚሉሽ ሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ የደረሰውን ሁሉ ያን ጊዜ አብረን እንቀመጥበታለን። አንቺ ብቻ ፈተናሽን ጨርሺ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ

ይድረስ ለዮናስም፦ ሴት ከሆነች ስም እንዳታወጡላት። ስሟን እኔ ይዤ እመጣለሁ።