ከኋላ ገብቶ ከፊት የሚወጣበት ተሳቢ፦ የአቶ ቬርነር ሃፓላ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቬርነር ሃፓላ ከአባታቸው ከአቶ ኤሚል ሃፓላ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲልቪ ፔልቶ፣ በሚሺጋን ሰሜናዊ ልሳነ ምድር በቶይቮላ መንደር፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በዚያ ሳምንት በረዶው በሩን ደፍኖት ስለነበር አዋላጇ የገባችው በላይኛው ፎቅ መስኮት ነው ይባላል። በር በሌለበት ቦታ በር የመክፈት አመል ከዚያ ጊዜ ሳይጀምራቸው አልቀረም።

ይህን የምጽፈው ከመንገድ ማዶ ያለሁት ጎረቤት ነኝ። መጻፍ የሚገባው የቤተሰቡ ሰው ነበር። ነገር ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሬይን ጽሕፈት አይሆንልኝም አሉ፤ ልጃቸው ካሪን ደግሞ ያለ ቁጣ መጻፍ አልችልም አለች። አቶ ቬርነር ራሳቸው ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ጠርተውኝ፣ “ሁሉንም ጻፊው፤ ስድብ ብቻ አትጨምሪበት” ብለውኛል። እንደ ቃላቸው አድርጌያለሁ።

አባታቸው የመዳብ ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ፤ አራት ላሞችም ነበሯቸው። አቶ ቬርነር በመንደሩ ትምህርት ቤት ሲማሩ ከሒሳብና ከእንጨት ሥራ በቀር በሌላው ትምህርት ስማቸው ብዙም አይነሳም። መምህራቸው ለእናታቸው በላኩት ማስታወሻ ላይ ልጁ የክፍሉን ጠረጴዛዎች መለካቱን እንዲያቆም ይነገረው ብለው ጽፈዋል። ማስታወሻው እስከ ዛሬ አለ፤ ጀርባው ላይ የጠረጴዛው ልክ በእርሳስ ተመዝግቦበታል።

በዚያው ክፍል አብረዋቸው የተማሩት ከሁለት የሣር ሜዳ ማዶ የሚኖሩት አቶ ክላይድ ኒስካነን ናቸው። ሁለቱ አብረው ዓሣ አጥምደዋል፣ አብረው ተቀጥተዋል፣ አንድ ጥንድ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ለሁለት ተካፍለዋል፤ አንዱ ለአንድ እግር። አቶ ክላይድ በሕይወት አሉ። አቶ ቬርነር በዛሬው የሽኝት ሥርዓት ለእሳቸው አንድ ቦታ ትተው ሄደዋል። ቦታው ይሞላ አይሞላ ግን ይህን ስጽፍ አላውቅም።

አቶ ቬርነር በ1965 ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ሁለት ዓመት በውትድርና መኪና ሲጠግኑ ቆዩ። በ1968 የማዕድን ጉድጓዶቹ ሲዘጉ ብዙ ሰው ወደ ደቡብ ሲሰደድ እሳቸው በአውራጃው መንገድ ሥራ ውስጥ የበረዶ መጥረጊያ መኪናዎች ብየዳ ሠራተኛ ሆኑ፤ እስከ ጡረታቸው እስከ 2009 ድረስም በቅንነት አገልግለዋል። በጁን 1974 ከወይዘሮ ሎሬይን ቱሪ ጋር በዚሁ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትዳር መሠረቱ። ሚዜያቸው አቶ ክላይድ ነበሩ። በ1981 አንድ ልጃቸውን ካሪንን ወለዱ፤ የክርስትና አባቷም አቶ ክላይድ ሆኑ።

በ1986 ክረምት ሁለቱ ጓደኛሞች በበረዶ ላይ የሚነዱ የበረዶ ሞተሮቻቸውን በክፍት ተሳቢ ጭነው ወደ ሐይቁ ጫፍ ሄዱ። ሲደርሱ ከመንገዱ የተረጨው ጨውና ጭቃማ በረዶ ሞተሮቹን ድንጋይ አድርጓቸው ነበር፤ ለመንዳት የሄዱ ሰዎች ቀኑን በመዶሻ ሲፈለፍሉ ዋሉ። ዝግ ተሳቢዎች ያኔም ነበሩ። ነገር ግን የዚያ ዘመን የበረዶ ሞተር ወደ ኋላ አይሄድም፤ ከኋላ ነድተው ያስገቡትን ለማውጣት ሁለት ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ መጎተት ነበረበት። አቶ ቬርነር ቤት ሲገቡ ቦት ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ ጋራዡ አለፉ። ወይዘሮ ሎሬይን እንደሚሉት ከዚያ የወጡት በፋሲካ ነው።

የሠሩት ተሳቢ አፍንጫው ነፋስ እንዲሰነጥቅ እንደ መርከብ የሾለ ነበር። ከኋላ አንድ መወጣጫ፣ ከአፍንጫው ጎን ደግሞ ሌላ መወጣጫ አደረጉለት፤ ሞተሩ ከኋላ ተነድቶ ይገባል፣ ከፊት ተነድቶ ይወጣል። ወለሉን ወደ መሃል ሁለት ጣት ያህል አዘንብለው የቀለጠው በረዶ በቦይ እንዲወርድ አደረጉ። ከጎን፣ ነዳጅ ሞተሩ ሳይወርድ እንዲሞላ፣ ትንሽ በር አወጡ። ከግድግዳው የሚታጠፍ አግዳሚና ጓንት ማድረቂያም ሠሩ። ከአግዳሚው አጠገብ ከአዋቂ ወገብ ዝቅ ብላ አንዲት ማንጠልጠያ አለች። ያቺ የአምስት ዓመቷ የካሪን ሄልሜት ማንጠልጠያ ናት። ካሪንን ግድግዳው ሥር አቁመው፣ እጇ የሚደርስበትን በእርሳስ ያመለከቱት አቶ ክላይድ ናቸው።

አቶ ቬርነር ወረቀት ይጠፋል ባይ ስለነበሩ የእያንዳንዱን ተሳቢ ፕላን በራሱ ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ላይ ከነልኩ ይሥሉና በስስ ገበር ይሸፍኑታል። የገበሩን ብሎኖች ሲያጠብቁ በአናታቸው ያለው የመፍቻ ጭረት ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ ያደርጋሉ። ባለቤታቸው ይህን በሽታ ነው ይሉታል። እስከ 1996 ድረስ ለመንደሩ ሰው አሥራ ዘጠኝ ተሳቢ ሠርተዋል፤ ለእያንዳንዱ እንደ አመሉ። ለፓስተራችን በተሳቢያቸው ውስጥ ስብከታቸውን የሚለማመዱበት መብራት ተገጥሞላቸዋል፤ ለውጥ ማምጣቱን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በ1996 መጸው አቶ ክላይድ የመጀመሪያውን ተሳቢ ተዋሱ። በመንገዳችን ተሳቢ ለሚዋስ ሰው ለምን ፈለግከው፣ መቼ ትመልሳለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። የተዋሰው ሰው ደግሞ ጠርጎ፣ አንድ ነገር አኑሮበት ይመልሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሳቢው ተጠርጎ፣ ውስጡ በጭስ የታጠነ የሐይቅ ዓሣ ተሰቅሎበት ተመለሰ። ነገር ግን የብሎኖቹ ጭረቶች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ያያሉ። አቶ ቬርነር ለባለቤታቸው የመንገድ ንዝረት ነው አሉ። ሃያ ስምንት ዓመት የበየደ ሰው ንዝረት ብሎን እንደዚያ እንደማያዞር ያውቃል። እሑድን ሙሉ አንድ በአንድ መልሰው ሲያቀኑ ዋሉ፤ ዓሣውንም በሉ። ወዳጅን ከመጠርጠር ንዝረትን መውቀስ መርጠው ነው።

በተከታዩ ሴፕቴምበር ከመላው ሰሜን የበረዶ ሞተር ወዳድ በሚሰበሰብበት ትርኢት ላይ አንድ የደቡብ ፋብሪካ አዲስ ተሳቢ አቀረበ። አፍንጫው የሾለ፣ በሁለት ወገን መወጣጫ ያለው፣ ወለሉ ሁለት ጣት ያዘነበለ። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሻጩ ወጣት ከኋላ ገብቶ ከፊት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለአቶ ቬርነር በትዕግሥት አስረዳቸው። እሳቸውም እንደ ተማሪ አዳመጡት። ከዚያ ከወገብ በታች ያለችውን ማንጠልጠያ አዩ።

“ይቺ ምንድን ናት?” አሉት።

“ውሻ ማሰሪያ ነች መሰለኝ፣ አባባ።”

“የሄልሜት ናት።”

“እዚህ ታች? የማን ሄልሜት?”

“የልጄ” አሉና ወጡ። ወደ ቤት ስንመለስ አምስት ሰዓት ነዳን።

ሁለቱ ቤተሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ በሃፓላ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው፣ አብረው መታጠባቸው የአባቶቻቸው ልማድ ነበር። ሳውና ውስጥ ጠብ አይገባም። ስለዚህ አቶ ቬርነር በዚያ ቅዳሜ እንደወትሮው እሳቱን አነደዱ፤ አቶ ክላይድም እንደወትሮው መጡ፤ ታጠቡ። ከወጡ በኋላ፣ ደጅ አግዳሚው ላይ ሆነው ነው የጠየቋቸው። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ከአቶ ቬርነር ነው።

“ብሎኖቹን የፈታሃቸው አንተ ነህ?”

“ፕላኑ ግድግዳ ውስጥ ሊበሰብስ ነበር እኮ፣ ቬርነር። አንተ መቼም ለፋብሪካ አትሰጠው።”

“ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

አቶ ክላይድ ፎጣቸውን አጣጠፉ። “ብጠይቅህ እንቢ ትለኝ ነበር” አሉ።

“እሺ ነበር የምልህ” አሉ አቶ ቬርነር። “ሌላውን ሁሉ ተወው። ያቺን ማንጠልጠያ ግን አንተ ታውቃታለህ። እንዴት እሷን እንኳ አታስቀርልኝም?”

አቶ ክላይድ ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ክረምት በዚያ ሜዳ ላይ የሰው ዱካ አልታየም። አቶ ቬርነር ክሰስ ቢባሉ ማስረጃዬ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳ ተሸክሜ ፍርድ ቤት አልገባም አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናቸውን ማንደዳቸውን ግን አልተዉም። ሁለተኛውንም ባልዲ ይሞላሉ። ለምን ሲባሉ ለእንፋሎቱ ነው ይላሉ፤ እንፋሎቱ ግን ያው ነበር።

ስድብ አትጨምሪ ብለውኛል እንጂ እውነት አትጻፊ አላሉኝምና የኛንም እጽፋለሁ። ከዚያ ክረምት በኋላ በመንገዳችን አራት የፋብሪካ ተሳቢዎች ገቡ፤ አንዱ የኔ ነው። አቶ ቬርነር ተሳቢ መሥራት አላቆሙም ነበር፤ እኔ ግን ቶሎ ስለሚደርስ ገዛሁት። የፊቱ በር ውሃ ማስገባት ሲጀምር መሣሪያቸውን ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸው፤ አልጠራኋቸውም። ጠግነው ሲሄዱ ገብቼ አየሁ። የግድግዳው ብሎኖች ሁሉ ጭረታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል። ማንጠልጠያዋን አልነኳትም። ሁላችንም ያን ጊዜ አንድ ነገር ልንላቸው ይገባ ነበር፤ አላልንም።

አቶ ቬርነር ከ2023 ጀምሮ በሳንባ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሎሬይን፣ ከልጃቸው ከካሪንና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። የበረዶ ሞተር የሚጭን ሰው በየትኛውም መንገድ ዳር ቢቆም በተሳቢው ውስጥ ያቺን ማንጠልጠያ ያገኛታል፤ የማን እንደነበረች ግን ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚያውቅ የለም።

ሥርዓቱን ራሳቸው ነድፈው ትተዋል። ሣጥናቸው በመጀመሪያው ተሳቢ ከኋላ ገብቶ ከፊት ይወጣል፤ ወደ ኋላ መጎተት አልፈልግም ብለዋል። በብርድ የጠጠረው መሬት በሜይ እስኪፈታ አስከሬናቸው በመካነ መቃብሩ የድንጋይ ቤት ይቆያል። ለተሸካሚነት ከመንገድ ሥራ ባልደረቦቻቸው አምስት ሰው መርጠዋል። ስድስተኛው እጀታ፣ የኋላ ግራው፣ ስም አልተጻፈበትም። ሳይጣሉ በፊት በነበሩት ዓመታት ተሳቢ ሲነሳ አቶ ክላይድ ይይዙት የነበረው ጥግ ነው።

ወይዘሮ ሎሬይን ክላይድ ባይመጣስ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር።

“አምስት ሰው ይበቃል” አሏቸው። “ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ አይወድቅም። ሲያዘነብል ግን ሰው ይየው።”

እግዚአብሔር የአቶ ቬርነርን ነፍስ በተከፈተ በር ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ልብ ይስጠን።

ተሸካሚዎች ወደ ፊት ይምጡ።