የአስቴር ድምፅ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ቡታጅራ

አስቴር የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ የመጀመሪያዋ የሆነውን መዝሙር ትናንት እቤቴ ቀዳሁላት። ዛሬ ጠዋት ከመላኬ በፊት ባጃጅ ውስጥ አስከፈትኩት፤ እዚህ ሰው መዝሙር የሚሰማው ባጃጅ ላይ ነውና። ሾፌሩ፣ «ማዘር፣ ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ሹክሹክታ?» ብሎ ሳቀብኝ። አፈርኩ። እቤት ተመልሼ ኮምፒውተሬ ላይ «ድምፁ በዛ» የሚለው ቀዩ ምልክት እስኪበራ ድረስ ድምፁን ጨመርኩና ደግሜ እንኳን ሳልሰማው ላክሁላት።

ከሰዓት ደወለች።

«እትዬ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፄ ተሰንጥቋል አይደል? ይሄን ነበር የፈራሁት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ልዘምር አልወጣም፣ መዝሙሩን ለሌላ ሰው ስጡት።»

«ቆይ እስቲ ልስማው» አልኳት። ዘጋችው።

ከፍቼ ስሰማው እውነትም ይሰነጠቃል። ግን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ፣ ከልክ በላይ ጨምሬ። ወደ መጀመሪያው ቅጂ ተመልሼ፣ ዝቅ አድርጌ እንደገና አወጣሁት። ጥርት ያለ ነው፤ ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም።

ልልክላት ብዬ ተውኩት። ባለፈው የአንዷን ዘማሪ ሳል በኮምፒውተር ሳጠፋ አስቴር አጠገቤ ተቀምጣ አይታለች። «በኮምፒውተር አቃንተሽልኝ ነው» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ጥፋቱ የኔ ነው ብላትም ልታጽናናኝ ነው ትላለች።

ስልኳ ዝግ ነው። ነገ ቤቷ ሄጄ፣ ያለ ማይክ ያለ ምንም ፊቴ ዘምሪ እላታለሁ። ግን እንዲህ ፈርታ ስትዘምር ድምፅዋ እውነት ቢሰነጠቅስ?