እህትሽ የገባችበት ጥናት

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ያለሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

ቀድሜ ስላልነገርኩሽ አትቀየሚኝ፤ እህትሽ ሴት ልጅ ተገላግላለች። እርጉዞችን የሚከታተል የሆስፒታል ጥናት ውስጥ ስትገባ፣ «ልጄን መሞከሪያ ልታደርጉ ነው?» ብዬ አጥኚዋን ነርስ ከደጅ መልሻት ነበር። እሷ ግን በሳምንቱ ግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች። እንደለካቻት ፊቷ ተለወጠ፤ «እማማ፣ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፤ አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ» አለችኝ። ለካ እህትሽ ራሷን እያመማት ትደብቀን ኖሯል። በዚያው ቀን በኦፕራሲዮን ወለደች።

ሕፃኗ ጊዜዋ ሳይደርስ ስለመጣች፣ ሦስት ሳምንት እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ሰነበተች፤ አሁን ጡት ከያዘች አትለቅም። ነርሷን ይቅርታ ስጠይቃት፣ «ዛሬስ አይመልሱኝም?» ብላ ሳቀችብኝ።

አንቺም አምስተኛ ወርሽን ይዘሻል። እባክሽ ግፊትሽን ተለኪና ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ «ደህና ነኝ» የሚለውን ከእህትሽም ሰምቼዋለሁ።

በሰላም ያገላግልሽ።

እናትሽ