ሴትዮዋ የሌለችበት ብር

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እዚያ ደብዳቤ የሚያደርስ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ግን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ካልጻፈች ምን ትሠራለች?

ቤቱ ደህና ነው። ሱቅህን ለሞባይል ጠጋኝ አከራይቼዋለሁ። «ታደለ ብር ሠሪ» የሚለውን ጽሑፍ እንዳያነሣው ስለነገርኩት፣ ከጉና የሚወርዱ ሰዎች ዛሬም የተሰበረ መስቀል ይዘው ይገቡና ቻርጀር ገዝተው ይወጣሉ። ሚዛንህንና መፈተኛ ድንጋይህን ግን እኔው ዘንድ አስቀምጫቸዋለሁ። የምጽፍልህም በእነሱ ምክንያት ነው።

ጎረቤታችን አዳነ ትዝ ይልሃል? በወጣትነቱ፣ ቻይናዎች ከወረታ ወደ እኛ መንገዱን ሲሠሩ፣ የመለኪያ ዘንግ ይይዝላቸው ነበር። አንዱ ቀያሽ ወደ አገሩ ሲመለስ ከአያቱ የወረሰውን፣ ከብር የተሠራ አንድ የአገሩን የድሮ ገንዘብ ለማስታወሻ ሰጠው። አዳነ ከብዙ ዘመን በኋላ ልጁን ሊድር ሲል፣ «ይቺን አቅልጠህ የአንገት መስቀል ሥራላት» ብሎ አመጣልህ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሱቁ ጢም ብሏል፤ እኔ ጥግ ይዤ የተማሪዎች ፈተና አርማለሁ።

ጠገራ ብር ሲመጣልህ መጀመሪያ ላዩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ ታያለህ። የትከሻ ጌጧን ዕንቁዎች በአውራ ጣትህ ጥፍር ትቆጥራለህ። ከዚያ ከሌላ ጠገራ ጋር ሚዛን ላይ ታወጣታለህ። ከእኔ ይልቅ እሷን አጥብቀህ ታውቃት ነበር፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የአዳነን ብር ብታገላብጠው ሴትዮዋ የለችም። በቦታዋ ጉንጩ የወፈረ፣ ጢሙን ያሳመረ መላጣ ሰውዬ ተቀምጧል። ብትመዝነው ከጠገራው ቀለለ። «ወንድሜ፣ ይኼ ቆርቆሮ ነው!» አልክ፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ። ድንጋዩ ላይ እንኳ አላሸኸውም። ልጅቱ ያለ መስቀል ተዳረች። አባቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አዳነ ቆርቆሮ» ሆኖ ቀረ፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚጠራው እንዲያ ነው።

ባለፈው ወር ብሩን በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ።

«መምህርት፣ ከባሕር ዳር የመጣ ነጋዴ ይቺን ሽጥልኝ እያለ ሦስት ጊዜ ለመነኝ። ለመሆኑ ሰው ቆርቆሮ ሦስት ጊዜ ይለምናል?» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

ማግኔት አስጠጋሁ፤ አልሳበውም። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ነሐስም አይሳብም። ጠርዙን በማጉያ መነጽር አየሁ፤ ጥርሶቹ እኩል ናቸው፣ ሁለት ገጽ የተጣበቀበት መስመር የለም። የሰውዬው ጉንጭ በመነካካት ተበልቷል፤ ከሥሩ ግን ሌላ ቀለም ብቅ አላለም። ድንጋይህ ላይ ከጠገራ ጎን አሸሁት፤ የእሱ መስመር ይበልጥ ነጣ። በመጨረሻ አንተ «ብር አይጠመቅም» እያልክ የምትስቅብኝን ነገር አደረግሁ፤ በክር አንጠልጥዬ ውኃ ውስጥ መዘንኩት። እሱን የሚያህል ውኃ አሥር ጊዜ ተደርቦም በክብደት አይደርስበትም። ነሐስ ቢሆን ዘጠኝ አይሞላም፤ ቆርቆሮማ ከስምንትም በታች ነው።

ብር ነው፣ ታዴ። የቀለለው ሐሰት ሆኖ ሳይሆን፣ ሲሠራ ጀምሮ ከጠገራ ስለሚያንስ ነው። እንዲያውም ከጠገራ የጠራ ነው። አንተ የቻይናን ብር በሴትዮዋ ልክ መዘንከው።

ከዚህ በኋላ ጣጣው የእኔ ሆነ። ለአዳነ ብቻ በሹክሹክታ ብነግረው ብሩ ይተርፋል፣ እሱ ግን ቆርቆሮ እንደሆነ ይቀራል። በሰው ፊት ብናገር ደግሞ «ታደለ ካለ አለ» የሚለው የአገሩ ወሬ ይጎድላል፤ ከአንተ የቀረኝ ሀብት እሱ ነው። ብዙም አልተጨነቅሁም። ባሌ ነው ብዬ ማርክ አልጨምርም።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሣሁ። «ባሌ ተሳስቷል። የአዳነ ብር፣ ብር ነው» አልኩ። አዳነ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «አልሰማሁም መምህርት፣ እስቲ ጮክ በይ» አለኝ። ጆሮው ደህና መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ያን ጊዜ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አደረገ። «ነፍሱን ይማር፤ በሌላው ነገር ሁሉ ልክ ነበረ» አለ።

ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አንድ ሰው «አዳነ!» ብሎ ጠራው፤ ምንም ሳይጨምር። አዳነ ጥቂት ርምጃ ከሄደ በኋላ ነው የዞረው። የተጠራው እሱ መሆኑ ቶሎ አልገባውም።

አትቀየመኝ፣ ሆዴ። የማይሳሳት ሰው አላገባሁም፤ ያገባሁት አንተን ነው። ዕንቁ ስትቆጥር ከንፈርህ ይንቀሳቀስ እንደነበር አልረሳም፤ አንድ የገበያ ቀን መቸኮልህንም አልረሳም። ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ እስካለሁ ድረስ፣ ሁለቱንም እነግረዋለሁ።

ያንተዋ የሺ