ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ጠሩኝ። አንዲት ልጅ ከእንጅባራ ደውላ ረቡዕ አራት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ቅረቢ አለችኝ። እሺ ከማለቴ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ቢሮው የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም። ምን ያስጠይቀኛል፣ ሙላት አምስት ዓመት የተመላለሰበት ቢሮ ነው።

ሥራው የባሌ የሙላት ነው። የባሌ ነበር። እዚህ ዳንግላ ጫፍ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የእንጅባራው ፕሮጀክት የተከለው የዝናብ መለኪያ አለ፣ በሽቦ ታጥሮ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውኃ በመለኪያ ብርጭቆ ማንበብ፣ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ መፈረም፣ በቃ። ሙላት ሲሞት ማስታወቂያ አወጡ። እኔም አርባው እስኪወጣ እንኳ ሳልጠብቅ አመለከትኩ። ሰው ምን አለኝ፣ እሱን ተዪው።

እዚህ ላይ ብቻ ልጻፈው። ያለፉትን ሁለት ክረምቶች ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኩላሊቱ ሲደክም መጀመሪያ ደግፌው እሄድ ነበር። ቀጥሎ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝና ቁጥሩን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል። በመጨረሻ መጻፉም መፈረሙም ወደ እኔ ዞረ። የሱን ጅራታም ሰባት፣ የሱን ፊርማ አጠናሁ። ከሥራው እንዳያስወጡት ብለን ነው። ልክ ነው አልልም። ቁጥሩን ግን አንድ ቀን አልዋሸሁም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። መዝገቡንና የአጥሩን ቁልፍ ከወሰዱብኝ ወር አልፎታል፣ ማንም አያነበውም። ያ ሁሉ ውኃ ዝም ብሎ ይፈሳል። ሲዘንብ እንቅልፍ አጣለሁ።

ሰብለ መጣች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስተማሪ ናት፣ ወዳጄም ናት። ለምን ይህን ሥራ ፈለግሽ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም አለችና መልሱን በወረቀት አስጻፈችኝ።

– ለሥራው ከፍተኛ ፍላጎት ስላለኝ።
– ኅብረተሰቤን ለማገልገል።
– ራሴን ለማሻሻል።
– «ደመወዝ» የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ።
– «ባሌ ሞቶብኝ» የሚልም እንዳይወጣ። ለልመና የመጣሁ ያስመስላል።
– ጥቁሩን ለአንድ ቀን ባወልቀው።

የመጨረሻውን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። ጥቁሬን የትም አላወልቅም።

እማማ፣ የሙላት እናት፣ ከምድጃው ጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆይተዋል። ሰብለ ስትወጣ ጠሩኝ። ሥራውን የምሠራው እኔ ነበርኩ ልትይ ነው ወይ አሉኝ። እንጃ አልኳቸው። እውነቱ እሱ ነው፣ ሌላ ልምድም የለኝም። ሲከፋቸው ወደ አገውኛ ነው የሚገቡት፣ ዛሬ ግን እንድሰማቸው በአማርኛ ነገሩኝ።

«ልጄ አፈሩ ሳይደርቅ ሌባ ሊባል ነው? ሠርቶ ሳይሆን አስመስሎ በላ ሊባል ነው? ሙት ወቃሽ እንዳትሆኚ።»

አልሆንም አልኳቸው። ማልኩላቸው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ተመለስኩ።

በጠዋት በጋሪ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ። እንጅባራ ጭጋግ ውጧታል። ስድስት ነን፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ጎረምሶች። ጥቁሬን አይተው ወንበር ለቀቁልኝ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ አቶ ፈንታ፣ በየወሩ መዝገቡን ሊያይ ቤታችን የሚመጣው ተቆጣጣሪ። ሙላት አልጋ ላይ ሆኖ እኔ መዝገቡን ሳቀብለው ስንቴ ተቀብሎኛል። ያውቃል። አንዷ ስልክ የደወለችልኝ ልጅ ናት፣ ፊቷ የነጥብ ቅጽ ተዘርግቷል። ሦስተኛው መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው፣ አላውቃቸውም።

በመጀመሪያ ብርጭቆ ላይ ውኃ ቀድተው አንብቢ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከውኃው እኩል አድርጌ አነበብኩ። ሦስት ጊዜ ቀዱ፣ ሦስቱንም አገኘሁ። መነጽር ያደረጉት ሰውዬ ፈገግ አሉ። ደስ አለኝ፣ እውነት ለመናገር።

ከዚያ ልጅቷ ጠየቀች። «ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው? ሃያ ነጥብ አለው፣ ተረጋግተሽ መልሺ።»

የሰብለ ወረቀት ከራሴ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። አፌ ላይ የመጣው እውነቱ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ላልናገር ምያለሁ። «ኅብረተሰቤን…» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ቃሉ የኔ አይደለም፣ አልወጣ አለኝ። «የእንጀራ ነገር ነው» አልኩ። ልጅቷ አንድ አጭር ነገር ጻፈች።

ያ ያልፍ ነበር። ግን ባለመነጽሩ ሰውዬ መዝገቡን ገለጡ።

«ባለቤትሽ ያረፉት ሚያዝያ 20 ነው። እስከ 28 ድረስ በሳቸው ስም ተፈርሟል። ማን ነው የፈረመው?»

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። ለካ እሱ ከሞተ በኋላም በሱ ፊርማ ፈርሜያለሁ። እጄ ለምዶ። አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ከዚያ በፊት ያለውስ?»

አቶ ፈንታ ጣሪያውን ያያል።

«እሱ ነው።»

«ጽሕፈቱ አንድ ዓይነት ነው እኮ።»

«እሱ ነው» አልኩ ደግሜ።

የሞተ ሰው ፊርማ አስመስሎ መፈረም እንደሚያስጠይቅ ነገሩኝ። በቁጣ አይደለም። ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ የባጃጅ ሾፌሮች እያዩኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መቃብሩ ጋ ሳልደርስ ተመለስኩ። ፊት የለኝም።

ሲያብሰለስለኝ የዋለው ጥያቄው ነው። ገበሬን ለምን ታርሳለህ የሚለው አለ? ጋሪ ነጂውን ለምን ፈረስህን ትነዳለህ የሚለው አለ? ምናልባት ጥያቄው ክፉ አይደለም። ሰብለ ሣር ላይ ተቀምጣ ብትጠይቀኝ እስኪመሽ አወራላት ነበር። ነጥብ ለሚሰጥ ለማያውቁት ሰው ሲሆን ግን፣ ያልፈለገውም አሳምሮ ይመልሳል፣ የፈለገውም አፉ ይታሰራል።

እውነቱን ልጻፍ። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ነጠላዬን ተከናንቤ መንገዱን ተሻገርኩ። አሥራ አንድ ሚሊሜትር። ጽፌ ተመለስኩ። ሬሳ አስቀምጣ ውኃ ትለካለች ብለው ሲያሙኝ ሰንብተዋል። የታዘዝኩ መሰላቸው፣ ወይም ያበድኩ። የሄድኩት ሥራውን ስለምወደው ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ያልተናደው እሱ ብቻ ነበር። ባሌ አልጋ ላይ ወድቆ እኔ በየጠዋቱ ደስ እያለኝ መንገድ እሻገር ነበር። ይህን ለማን ይናገሩታል? ለእማማ? ለቅጹ?

መዝገቡ ፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ያችን ቀን አይተው ፊርማውን ብቻ አዩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

አቶ ፈንታ ደወለ። በንባቡ አንደኛ ነኝ። በ«ለምን ፈለግሽው» ከሃያው ነጥብ ሦስት ብቻ አግኝቻለሁ። በድምሩ ሁለተኛ። አስቻለው የሚባል ልጅ አልፏል።

የፊርማውን ነገር ለሙላት ሲባል ዝም ብለነዋል አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የተናደድኩት። ሁለት ዓመት ዓይኑ እያየ፣ ያን ቀን ጣሪያ መቁጠሩ!

ለእማማ ነገርኳቸው። ስሙ ተረፈ ብለው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ደስ አላላቸውም። በአገውኛ የሆነ ነገር አሉና ራሴን ዳበሱኝ። አልገባኝም፣ አላስተረጎምኳቸውም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ቅዳሜና እሑድ ምንም አልጻፍኩም። ተኝቼ ነው የከረምኩት።

ዛሬ አስቻለው መጣ። አቶ ፈንታ አሠራሩን እሷ ታሳይህ ብሎ ነው የላከው። የኔን ሥራ እኔው ላሳየው! ልጁን ግን መጥላት አቃተኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ፣ ጫማው ያለቀ ልጅ ነው። ብርጭቆውን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ አረምኩት።

ለምን ፈለግኸው ሲሉህ ምን አልክ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። ከስልክ ላይ ያጠናውን እንደ ውዳሴ ማርያም ወረደው፦ የአየር ንብረት፣ የገበሬው ሕይወት፣ የልጅነት ሕልም። አሥራ ዘጠኝ ሰጥተውታል። እሱ የሚፈልገው ባሕር ዳር ባንክ መግባት ነው፣ እህቱ እያፈላለገችለት ነው።

ሲሄድ ቁልፉንና መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ እኔ ባሕር ዳር ስሄድ እርስዎ ያንብቡልኝ። ፊርማዬ ቀላል ነው፣ ላሳይዎት።»

ወረቀት ላይ ፈርሞ አሳየኝ። እሺም እምቢም ሳልለው ሄደ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል በር ላይ ቆምኩ። አስቻለው የለም። ደወልኩ፣ አይነሳም። እማማ ይቅርብሽ አሉኝ፣ ምን አገባሽ፣ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ተሻገርኩ።

ሃያ ሦስት ሚሊሜትር። መዝገቡን ገለጥኩ። የልጁ ፊርማ እውነትም ቀላል ነው፣ ሁለት ቀለበትና አንድ ሰረዝ። እጄ አውቆታል። ብዕሩን ይዤ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ እንጃ፣ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ወጥተው አጥሩን ይዘው ያዩኛል። ከዚያ የራሴን ስም ከነአባቴ ጻፍኩት። ከጎኑም ፈረምኩ። የራሴ ፊርማ ጠፍቶብኝ ኖሮ ተጣመመ።

ይሰርዙት ይሆናል። አስቻለው ይቆጣ ይሆናል፣ ያ መነጽር ያደረጉት ሰውዬም ይጠሩኝ ይሆናል። ፈርቻለሁ።

ስመለስ እማማ በር ላይ ቆመዋል።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሃያ ሦስት አልኳቸው።