የስፖግማይ ፎቶ

ልጄ ዘርያብ፣ በዚያ በዶሃ ሙቀት አላህ ጥላ ይሁንህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል፣ የስዋት ወንዝም ዘንድሮ ረጋ ብሏል።

አንድ ነገር ከሰው ሳትሰማው ከእኔ ስማው፤ ቁጭ ብለህ አንብበው። የላክህልኝ ቪዲዮ «ቦታ የለም» እያለ አልገባ ሲለኝ፣ ስልኩን ባዛር ላለው ጠጋኝ ሰጥቼ፣ የመክፈቻ ቁጥሩንም ነግሬው መጣሁ። ብዙም ሳይቆይ እህትህ ስፖግማይ ፀጉሯን ገልጣ ስትስቅ የተነሳችው ፎቶ በጎረቤታችን ልጅ ስልክ ላይ ተገኘ፤ ያ ፎቶ ደግሞ ከእኔ ስልክ በቀር የትም አልነበረም።

አባትህ «ድሮስ ስልክ ለመደወል አይደል!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን ሻሿን አጥብቃ «እማዬ፣ ተነሺ» አለችኝና ወደ ጠጋኙ ሱቅ ሄድን።

«ኮምፒውተርህን ክፈት» አለችው።

ሳቀ። «እህቴ፣ እኔ የደንበኛ ዕቃ አልነካም።»

በሩ ላይ ተቀመጥኩና ለምትገባው ሴት ሁሉ «ይሄ ሰው የልጆቻችንን ፎቶ ይሰርቃል!» አልኩ። ላብ አጠመቀው፤ ከፈተው። የእሷ ብቻ መስሎህ? የስንቱ ሴት ልጅ! እያየነው አጠፋው። ሌላ ቦታ ደብቆ እንደሆነ ግን በምን አውቃለሁ?

ሰውየውን ለሽማግሌዎቹ ተውላቸው። ለአጎቶችህ እንዳትደውል፣ ደም አልፈልግም። ይልቅ ለስፖግማይ ደውልላት። ካሜራ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። «ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ናፍቀሽኛል» በላት፤ ይህን ከወንድሟ አፍ ትስማ።

አላህ ቁጣህን ያብርድልህ፣ በጤና ያገናኘን።

እናትህ ጉልመካይ